የግፊት መለኪያው የማይነግረን፦ የንጹሕ ቁስ ሁነቶችና በደጋ የሚሠራ አውቶክሌቭ

የቀዶ ሕክምናና የላቦራቶሪ ዕቃዎችን ከረቂቅ ሕዋሳት ነጻ ለማድረግ የሚያገለግለው አውቶክሌቭ በአብዛኛው ከአንድ አጭር መመሪያ ጋር ይመጣል። የግፊት መለኪያው 103 ኪሎ ፓስካል (በተለምዶ 15 ፒ.ኤስ.አይ. የሚባለውን) ሲያሳይ በውስጡ ያለው እንፋሎት 121 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሷልና ዕቃው በዚሁ ሁኔታ ለ15 ደቂቃ ይቆይ ይላል። መመሪያው በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ ለተመሠረተ ከተማ ትክክል ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ ግን ያው መለኪያ ያንኑ 103 ሲያሳይ፣ በጓዳው ውስጥ ያለው እንፋሎት አየር ያልተቀላቀለበት እንኳ ቢሆን መጠነ ሙቀቱ ከ117 ዲግሪ አያልፍም። መሣሪያው አልተበላሸም፤ መለኪያውም ሊያነብ የተሠራበትን በትክክል አንብቧል። የተሳሳተው ከግፊት ወደ መጠነ ሙቀት የተሸጋገርንበት መንገድ ነው።

ከግፊት ወደ መጠነ ሙቀት መሸጋገር የሚፈቀደው ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ብቻ ነው፤ ቁሱ ንጹሕ ሲሆን፣ ፈሳሹና እንፋሎቱ በሙሌት ላይ አብረው ሲገኙ፣ እንዲሁም የተነበበው ግፊት ፍጹም ግፊት ሲሆን። እነዚህ ሦስት ቅድመ ሁኔታዎች በማንኛውም የቴርሞዳይናሚክስ መማሪያ የመጀመሪያ ምዕራፎች ውስጥ ይገኛሉ፤ ሆኖም ተማሪው ሰንጠረዥ እያነበበ መልስ ማውጣትን ከለመደ በኋላ ከዓይኑ ይሰወራሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የንጹሕ ቁስ ሁነቶችን መሠረተ ሐሳብ በዚህ አንድ መሣሪያ አማካይነት መልሶ መመርመርና እያንዳንዱ ቅድመ ሁኔታ ሲጓደል ምን ያህል ዲግሪ፣ ምን ያህል ደቂቃ እንደሚያሳጣን በቁጥር ማሳየት ነው።

ንጹሕ ቁስ

በቴርሞዳይናሚክስ ንጹሕ ቁስ የሚባለው በሁሉም ክፍሉ አንድ ዓይነትና የማይለዋወጥ ኬሚካላዊ ቅንብር ያለው ቁስ ነው። ትርጓሜው ቁሱ በአንድ ሁነት ብቻ እንዲገኝ አያስገድድም። በረዶ የሚንሳፈፍበት ውኃም ሆነ በክዳን ሥር ከራሱ እንፋሎት ጋር ያለ ውኃ፣ ጠጣሩም ፈሳሹም ጋዙም አንድ ቅንብር ስላላቸው ንጹሕ ቁስ ነው። አየር በጋዝነቱ እስከቆየ ድረስ ቅንብሩ ወጥ ስለሆነ እንደ ንጹሕ ቁስ ሊቆጠር ይችላል። በከፊል ወደ ፈሳሽነት ሲለወጥ ግን ይህ ቀሪ ይሆናል፤ በባሕር ጠለል ግፊት ናይትሮጅን በ−196፣ ኦክስጅን ደግሞ በ−183 ዲግሪ ስለሚፈሉ የሁለቱ ድርሻ በፈሳሹና በጋዙ ውስጥ እኩል አይሆንም። ፈሳሽ ውኃ፣ እንፋሎትና አየር አንድ ላይ የታመቁበት ዕቃም እንዲሁ ንጹሕ ቁስ የያዘ ዕቃ አይደለም። ይህ የመጨረሻው ምሳሌ አየሩ ያልወጣለት አውቶክሌቭ ነውና ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ውኃን በአንድ ግፊት ማሞቅ

አዲስ አበባ ላይ ያለው የከባቢ አየር ግፊት፣ በመደበኛው የከባቢ አየር ቀመር ሲሰላ፣ 76 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። በሐሩር ክልል ከቀን ቀን የሚታየው የግፊት መዋዠቅ አነስተኛ ስለሆነ ይህን ቁጥር ለስሌታችን እንደ ቋሚ ልንወስደው እንችላለን። ያለ ሰበቃ የሚንሸራተት ፒስተን ባለው ሲሊንደር ውስጥ 20 ዲግሪ የሆነ 1 ኪሎ ግራም ውኃ አስገብተን በዚሁ ግፊት እናሙቀው። መጀመሪያ ውኃው የታመቀ ፈሳሽ ነው፤ ሙቀት በተጨመረለት ቁጥር መጠነ ሙቀቱ ይወጣል፤ ይዘቱ ግን እምብዛም አይለወጥም። 302 ኪሎ ጁል ያህል ሲቀበል 92 ዲግሪ ይደርሳል። ከዚህ በኋላ የምንጨምረው ሙቀት መጠነ ሙቀቱን ከፍ አያደርገውም፤ ፈሳሹን ወደ እንፋሎት ይለውጠዋል። የመጨረሻዋ ጠብታ እስክትተን ድረስ የሚፈጀው 2,277 ኪሎ ጁል፣ ማለትም ውኃውን ለማፍላት ከወጣው ሰባት እጥፍ ተኩል የሚሆን ስውር ሙቀት ነው። በዚህ ጊዜ ይዘቱ ከ1 ሊትር ትንሽ ከፍ ከሚል መጠን ወደ 2,190 ሊትር ያድጋል። ማሞቁ ከቀጠለ መጠነ ሙቀቱ እንደገና መውጣት ይጀምራል፤ ቁሱም ከሙሌት በላይ የጋለ እንፋሎት ይባላል።

በመካከለኛው ደረጃ፣ ፈሳሽና እንፋሎት አብረው ባሉበት ክልል፣ ግፊትና መጠነ ሙቀት አንዱ ከሌላው ነጻ አይደሉም። ጆሳያ ዊላርድ ጊብስ እ.ኤ.አ. ከ1876 እስከ 1878 ባሳተመው ሥራው ይህን በአንድ ቀላል ደንብ አስቀምጦታል፤ የነጻነት ደረጃዎች ቁጥር ከቁሶቹ ብዛት ላይ የሁነቶቹ ብዛት ተቀንሶ ሁለት ሲደመርበት ከሚገኘው ጋር እኩል ነው። ለአንድ ንጹሕ ቁስ በአንድ ሁነት ሁለት ነጻነት አለን፤ ግፊቱንም መጠነ ሙቀቱንም እንደፈለግን መምረጥ እንችላለን። ሁለት ሁነቶች አብረው ሲኖሩ አንድ ነጻነት ብቻ ይቀራል፤ ግፊቱን ስንወስን መጠነ ሙቀቱን ተፈጥሮ ይወስንልናል። የአውቶክሌቭ መመሪያ ጸሐፊ በግፊት መለኪያ ብቻ ስለ መጠነ ሙቀት ለመናገር የሚደፍረው በዚህ አንድ ነጻነት ተማምኖ ነው።

የነጻነቱ ማነስ ሌላም ውጤት አለው። በሙሌት ክልል ውስጥ ግፊትንና መጠነ ሙቀትን ሁለቱንም ማወቅ ቁሱ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ለማወቅ አይበቃም፤ ሁለቱ የሚነግሩን አንዱን ነገር ነውና። ከጠቅላላው ብዛት ስንት እጁ እንፋሎት እንደሆነ የሚገልጸው የእንፋሎት ድርሻ ተጨምሮ መታወቅ አለበት። ይዘት፣ ኤንታልፒና ኤንትሮፒ የሚሰሉት በሙሌት ላይ ካለው ፈሳሽ ዋጋ ተነሥቶ፣ የፈሳሹና የእንፋሎቱ ዋጋ ልዩነት በዚህ ድርሻ ተባዝቶ ሲደመርበት ነው።

የሙሌት መስመርና ተዳፋቱ

ለእያንዳንዱ ግፊት ያለውን የፍላት መጠነ ሙቀት በግራፍ ብናስቀምጥ የሙሌት መስመር ይወጣልናል። ለውኃ ይህ መስመር ከሦስትዮሽ ነጥብ (0.01 ዲግሪና 0.612 ኪሎ ፓስካል) ተነሥቶ በወሳኙ ነጥብ (374 ዲግሪ ገደማና 22.06 ሜጋ ፓስካል) ያበቃል። ከመጀመሪያው ነጥብ በታች ባለ ግፊት ፈሳሽ ውኃ በሚዛን ሊኖር አይችልም፤ በረዶው በቀጥታ ይተናል። ከሁለተኛው በላይ ደግሞ ፈሳሽንና ጋዝን የሚለይ ድንበር የለም። ይህን ድንበር አልባነት ቶማስ አንድሩስ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ላይ አድርጎት በነበረው ጥናት እ.ኤ.አ. በ1869 አሳይቷል፤ የዚያ ጋዝ ወሳኝ መጠነ ሙቀት 31 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ ለሙከራ አመቺ ነበር። ለጉዳያችን የሚያስፈልገን ግን በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው አጭር ቁራጭ፣ ከ90 እስከ 125 ዲግሪ ያለው ነው።

የዚህ መስመር ተዳፋት በእያንዳንዱ ነጥብ ምን ያህል እንደሆነ የሚሰጠን ክላፔይሮን እ.ኤ.አ. በ1834 ያቀረበው፣ ክላውዚየስ በኋላ ያጸናው ቀመር ነው። በአንድ ዲግሪ የሚጨምረው ግፊት፣ ስውር ሙቀቱ በፍጹም መጠነ ሙቀትና በትነት ጊዜ በሚታየው የይዘት ለውጥ ብዜት ሲካፈል የሚገኘው ነው። በ92 ዲግሪ፣ 2,277 ኪሎ ጁል በ365 ኬልቪንና በ2.19 ሜትር ኩብ ብዜት ሲካፈል 2.85 ኪሎ ፓስካል በዲግሪ ይሰጣል። በ120 ዲግሪ ደግሞ 2,202 በ393ና በ0.89 ብዜት ሲካፈል 6.3 ኪሎ ፓስካል በዲግሪ ይሆናል። ስውር ሙቀቱ በሁለቱ መካከል ብዙም አልተለወጠም፤ ተዳፋቱን ከእጥፍ በላይ ያደረገው የእንፋሎቱ ይዘት በግፊት ምክንያት መጨማደዱ ነው።

ከዚህ ስሌት የሚወጣው ውጤት ብዙ ጊዜ በተሳሳተ መንገድ ይነገራል። «ውኃ በአዲስ አበባ ከ100 በ8 ዲግሪ ዝቅ ብሎ ስለሚፈላ አውቶክሌቩም በ8 ዲግሪ ዝቅ ይላል» የሚል ግምት ይሰማል። ከባሕር ጠለል ወደ አዲስ አበባ ስንወጣ የምናጣው ግፊት በሁለቱም ሁኔታ 25 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። ክፍት ድስት ውስጥ፣ መስመሩ ረጋ ባለ ተዳፋት በሚወጣበት በ92ና በ100 መካከል፣ ይህ ጉድለት 8 ዲግሪ ያስከፍላል፤ ባቄላና ሽምብራ በደጋ እንጨት የሚፈጁትም በዚሁ ነው። መስመሩ ቀጥ ወደ ማለት በሚቃረብበት በ120 አካባቢ ግን ያው 25 ኪሎ ፓስካል የሚያስከፍለው 4 ዲግሪ ብቻ ነው። ግማሽ ነውና ቀላል ነው ለማለት አያስችልም፤ ምክንያቱን ከታች እንመለከታለን።

መለኪያው የሚያነበው ግፊት

በአብዛኞቹ ቀላል አውቶክሌቮች ላይ የሚገኘው ክብ መለኪያ ፈረንሳዊው ኤዤን ቡርዶን እ.ኤ.አ. በ1849 የባለቤትነት መብት ያወጣበት ዓይነት ነው። ጠፍጣፋ ሆኖ የተጠማዘዘ የብረት ቱቦ በውስጡ ያለው ግፊት በውጭ ካለው ሲበልጥ ለመቃናት ይሞክራል፤ ይህ መቃናት በጥርስ ተላልፎ ቀስቱን ያዞራል። ቱቦው የሚሰማው የውስጡንና የውጩን ልዩነት ብቻ ነው። ክዳኑ ተከፍቶ ሳለ ዜሮ የሚያሳየውም ለዚህ ነው፤ በውስጡ ግፊት ስለሌለ አይደለም።

የሙሌት ሰንጠረዥ ግን የሚያውቀው ፍጹም ግፊትን ነው። ስለዚህ ወደ ሰንጠረዡ ከመሄድ በፊት በመለኪያው ንባብ ላይ የአካባቢው የከባቢ አየር ግፊት መደመር አለበት። በባሕር ጠለል 103 ሲደመር 101 ወደ 205 ይጠጋል፤ ሰንጠረዡም 121 ዲግሪ ይላል። በድሬዳዋ፣ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ፣ ድምሩ 191 ስለሚሆን መጠነ ሙቀቱ ወደ 119 ይወርዳል። በአዲስ አበባ 179 ሆኖ 117 አይሞላም። በደብረ ብርሃን፣ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ ድምሩ 175 ነው፤ ሰንጠረዡ የሚሰጠው 116 ዲግሪ ነው። በተቃራኒው አዲስ አበባ ላይ 121 ዲግሪ ለማግኘት መለኪያው 129 ኪሎ ፓስካል፣ ወይም 18.7 ፒ.ኤስ.አይ.፣ ማሳየት ይኖርበታል።

እዚህ ላይ አንድ የሥራ ክፍፍል ልብ ሊባል ይገባል። የጓዳው ግድግዳ የሚሸከመው ጭነት የውስጡና የውጩ ግፊት ልዩነት ነው፤ ቡርዶን መለኪያ ለግድግዳው ደኅንነት የሚያስፈልገውን ቁጥር በትክክል ይሰጣል። ረቂቅ ሕዋሳቱን የሚገድለው መጠነ ሙቀት ግን የተያያዘው ከፍጹሙ ግፊት ጋር ነው። አንዱ ቀስት ሁለቱንም ሊያገለግል የሚችለው በባሕር ጠለል ብቻ ሲሆን፣ ይህም የሆነው አምራቹ በጠረጴዛው ላይ ሁለቱን አስቀድሞ ስላዛመዳቸው ነው። ንባቡን ወደ 129 ከፍ ማድረግ የሚፈቀደውም ጓዳውና የደኅንነት ቫልቩ ለዚያ ልዩነት የተሠሩ መሆናቸው ከተረጋገጠ በኋላ ነው። ቫልቩ በ15 ፒ.ኤስ.አይ. እንዲከፈት የተስተካከለ ከሆነ ቀሪው አማራጭ ጊዜውን ማራዘም ነው፤ ቫልቩን መነካካት አይገባም።

አራት ዲግሪ ስንት ደቂቃ ያህላል?

ሙቀትን የሚቋቋሙ የባክቴሪያ ስፖሮች የሚሞቱበት ፍጥነት ከመጠነ ሙቀት ጋር በቀጥታ መስመር አይጨምርም። በስቴሪላይዜሽን ስሌት በሰፊው የሚሠራበት ግምት መጠነ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲቀንስ የሞት ፍጥነቱ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል የሚል ነው። በዚህ መሠረት የአዲስ አበባው 4.3 ዲግሪ ጉድለት ፍጥነቱን ወደ 0.37 ያወርደዋል። መመሪያው ያዘዘው 15 ደቂቃ የሚሠራው ሥራ በ121 ዲግሪ ከ6 ደቂቃ በታች ከሚሠራው ጋር ይተካከላል ማለት ነው።

በቁጥር እንየው። ለፍተሻ የሚያገለግሉት የጂኦባሲለስ ስቴሮተርሞፊለስ ስፖሮች በ121 ዲግሪ በየ2 ደቂቃው ወደ አንድ አሥረኛ የሚቀንሱ ናቸው እንበል። አንድ ሚሊዮን ስፖር ይዘን ብንነሣ፣ በባሕር ጠለል 15 ደቂቃ ሰባት ተኩል ያህል የአሥር እጥፍ ቅነሳ ስለሚሰጥ አንድም ስፖር በሕይወት የመትረፍ ዕድሉ በመቶ ሦስት ገደማ ነው። አዲስ አበባ ላይ በዚያው ንባብና በዚያው ጊዜ የምናገኘው ቅነሳ 2.8 ያህል ብቻ ነው፤ ከሚሊዮኑ 1,600 ያህሉ ይተርፋሉ። ልዩነቱን ጊዜ በማራዘም ብቻ ለመሸፈን 40 ደቂቃ ያስፈልጋል። በሥራ ላይ የሚውሉት ዕቃዎች ብዙውን ጊዜ ታጥበው ስለሚገቡና የሚሸከሙት ስፖር ከዚህ እጅግ ያነሰ ስለሆነ ጉድለቱ ሳይታወቅ ለዓመታት ሊቀጥል ይችላል። በላቦራቶሪ ውስጥ የዕድገት ሚዲያ ያለምክንያት ሲበከል ግን ከእጅ ንጽሕና አስቀድሞ ይህን ስሌት መሥራት ይገባል የሚል እምነት አለኝ። በሙቀት ቀለሙን የሚቀይረው ተለጣፊ ወረቀትም አያድንም፤ ዕቃው በማሽኑ ውስጥ ማለፉን እንጂ በበቂ ሁኔታ መምከኑን ለማስረዳት አልተሠራም።

አየር ሲቀላቀል

እስካሁን እንፋሎቱ ንጹሕ ነው ብለን ነው የመጣነው። አውቶክሌቩ ሲዘጋ ግን ጓዳው በአየር የተሞላ ነው። አየሩ በመውጫው ተጠርጎ ካልወጣ በውስጡ ያሉት ቁሶች ሁለት ይሆናሉ፤ የጊብስ ደንብ ሁለት ቁስ በሁለት ሁነት ሲገኝ ነጻነቱ ሁለት ነው ይለናል። ይህ ማለት ጠቅላላው ግፊት መጠነ ሙቀቱን መወሰኑን አቁሟል። ውኃው የሚፈላበትን መጠነ ሙቀት የሚወስነው የእንፋሎቱ ከፊል ግፊት ብቻ ነው፤ መለኪያው ደግሞ የሁለቱን ድምር እንጂ ከፊሉን ለይቶ አያነብም።

የከፋውን ሁኔታ እንውሰድ። አዲስ አበባ ላይ አንድም አየር ሳይወጣ ክዳኑ ተዘግቶ ማሞቅ ተጀመረ። በ20 ዲግሪና በ76 ኪሎ ፓስካል የነበረው አየር በማይለወጥ ይዘት ውስጥ 95 ዲግሪ ሲደርስ ግፊቱ ወደ 95 ኪሎ ፓስካል ያድጋል። በዚሁ መጠነ ሙቀት የእንፋሎቱ የሙሌት ግፊት 85 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው። ድምሩ 180 ሲሆን፣ የከባቢው 76 ሲቀነስ ቀስቱ 104 ላይ ይቆማል። ሠራተኛው የታዘዘውን 15 ፒ.ኤስ.አይ. አይቶ ሰዓት መቁጠር ይጀምራል፤ በውስጥ ያለው ግን 95 ዲግሪ ነው። ከፍታው የወሰደብን 4 ዲግሪ ነበር፤ አየሩ የወሰደው ከ20 በላይ ነው። በዚህ መጠነ ሙቀት ለስፖሮቹ 15 ደቂቃም ሆነ አንድ ሰዓት ከምንም አይቆጠርም።

አየሩ በጓዳው ውስጥ እኩል አይሰራጭም። የአየር አማካይ የሞለኪውል ክብደት 29፣ የእንፋሎት 18 ስለሆነ በተመሳሳይ ግፊትና መጠነ ሙቀት አየር ይከብዳል፤ ወደ ታች ይወርዳል፤ በተደራረቡ ጨርቆች እጥፋትና አፋቸው ወደ ላይ በተቀመጡ ባዶ ብልቃጦች ውስጥ ይተኛል። የመውጫው ቫልቭ በጓዳው ግርጌ የሚገኘው፣ ባዶ ዕቃም በጎኑ ይተኛ የሚባለው ለዚህ ነው። ቆሞ በሚሠራ ቀላል ድስት ላይ እንፋሎቱ ያለ ማቋረጥ በኃይል እስኪወጣ ድረስ ለብዙ ደቂቃዎች ቫልቩን ሳይዘጉ መጠበቅ እንደ ጊዜ ማባከን ይታያል። ከላይ ያለው ስሌት የሚያሳየው ግን ከጠቅላላው ሂደት ውስጥ በጣም ውዱ እነዚያ ደቂቃዎች መሆናቸውን ነው።

እንፋሎቱ ከሙሌት ሲርቅ

ሦስተኛው ቅድመ ሁኔታ የሙሌት ነው። በሙሌት ላይ ያለ እንፋሎት ቀዝቀዝ ያለ ዕቃ ሲነካ ወዲያው ወደ ፈሳሽነት ተመልሶ በእያንዳንዱ ኪሎ ግራም 2,200 ኪሎ ጁል ያህል ይለቅቃል፤ ይዘቱም ስለሚጨማደድ ሌላ እንፋሎት ወደዚያው ይስባል። ደረቅ አየር ያንኑ ያህል ክብደት ይዞ በ100 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ የሚሰጠው 100 ኪሎ ጁል ብቻ ነው። በደረቅ ሙቀት ለማምከን 160 ዲግሪና ሁለት ሰዓት የሚጠየቀው በከፊል በዚህ፣ በከፊል ደግሞ እርጥበት የሕዋሳቱን ፕሮቲን ለማበላሸት ስለሚያግዝ ነው።

ከሙሌት በላይ የጋለ እንፋሎት በጠባዩ ለደረቁ አየር ይቀርባል። ከሙሌት በ10 ዲግሪ የበለጠ እንፋሎት ወደ ሙሌት እስኪወርድ ድረስ በኪሎ ግራም የሚሰጠው 21 ኪሎ ጁል ገደማ ነው፤ ከስውር ሙቀቱ አንድ በመቶ መሆኑ ነው። እንዲህ ያለው እንፋሎት በብዛት የሚፈጠረው የጓዳው የውጭ ሽፋን ከውስጡ በበለጠ ሲጋል፣ ወይም ደረቅ እንፋሎት ከከፍተኛ ግፊት በጠባብ ቫልቭ በኩል ድንገት ሲለቀቅ ነው። ቴርሞሜትሩ ከፍ ያለ ቁጥር ስለሚያሳይ ሁኔታው መልካም ይመስላል።

በሌላው ወገን የእንፋሎት ድርሻው ዝቅ ያለ እርጥብ እንፋሎት አለ። መጠነ ሙቀቱ ትክክል ነው፤ ግፊቱም ትክክል ነው። ድርሻው 0.90 ከሆነ ግን ከስውር ሙቀቱ አሥር በመቶው ከመነሻው ጠፍቷል፤ ትርፉ ውኃም ጥቅሉን ያረጥባል። እርጥብ የወጣ ጥቅል ከውጭ ሕዋሳትን ስለሚያስገባ እንደ መከነ አይቆጠርም። ግፊትም ሆነ መጠነ ሙቀት ይህን ጉድለት ሊያሳዩ አይችሉም፤ በሙሌት ክልል ውስጥ ሁለቱ የሚነግሩን አንዱን ነገር ነው ያልነው እዚህ ላይ ይመጣል።

ሁለት መለኪያ አንድ ላይ

በመሆኑም ቴርሞሜትር ብቻውን ከግፊት መለኪያ የተሻለ ነው ቢባልም ሙሉ መልስ አይሆንም። ብዙ የሚነግረን ሁለቱን አቀናጅቶ ማንበብ ነው። የቴርሞሜትሩ ጫፍ ቀዝቃዛውና አየር የሚከማችበት ግርጌ ባለው የመውጫ መስመር ላይ ይቀመጥ። የግፊት ንባቡ የአካባቢው የከባቢ አየር ግፊት ተደምሮበት ወደ ፍጹም ይለወጥ፤ ከሰንጠረዡም የሙሌት መጠነ ሙቀቱ ይወሰድ። የተለካው ከሰንጠረዡ ዝቅ ካለ በጓዳው ውስጥ አየር አለ፤ ከፍ ካለ እንፋሎቱ ከሙሌት በላይ ግሏል፤ ከተስማሙ ቁሱ ንጹሕና በሙሌት ላይ ያለ ነው። አንድ የቆየ ሰንጠረዥ፣ መልካም ቴርሞሜትርና የአንድ መስመር ድምር ለዚህ ይበቃሉ። ፍጹም ግፊትንና መጠነ ሙቀትን በራሳቸው የሚለኩ አዳዲስ ማሽኖች ይህንኑ ንጽጽር በየሴኮንዱ ያደርጋሉ። ከፍታውን በማዋቀሪያቸው ውስጥ እንዲያስገቡ የሚጠይቁ ማሽኖችም አሉ፤ እነዚህ ሲተከሉ ቁጥሩ ዜሮ ሆኖ አለመቀረቱን ማረጋገጥ ተገቢ ነው።

ከፍታው ዋጋውን የሚያስከፍለን በማሞቁ ጊዜ ብቻ አይደለም። 121 ዲግሪ የደረሰ አንድ ኪሎ ግራም የፈሳሽ ሚዲያ አዲስ አበባ ላይ ግፊቱ ድንገት ቢለቀቅበት ወደ 92 ዲግሪ መውረድ ግዴታው ነው። የሚተርፈው 122 ኪሎ ጁል በስውር ሙቀቱ ሲካፈል 0.054 ይሆናል፤ 54 ግራም ያህሉ በቅጽበት ይተናል፤ ይህም በ76 ኪሎ ፓስካል 118 ሊትር የሚሆን እንፋሎት ነው። በባሕር ጠለል ይኸው ስሌት 0.039 ይሰጣል። በደጋ ላይ ብልቃጦች ገንፍለው የሚፈስሱትና የሚሰነጠቁት በብዛት ለዚህ ነው። ፈሳሽ ሲመክን በሩ ከመከፈቱ በፊት የብልቃጡ ውስጥ ከ80 ዲግሪ በታች ይውረድ የሚለው የተለመደ ማስጠንቀቂያ በባሕር ዳርቻ ከፍላት ነጥብ የ20 ዲግሪ ርቀት ይሰጣል፤ አዲስ አበባ ላይ የሚቀረው ርቀት 12 ዲግሪ ነው።